ብሎኑ ያልተነካባቸው አምስት ቀናት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፋብሪካው ጭር ብሎ ሳለ፣ አባ ብሎን አሮጌ የጎማ ቀለበት ፍለጋ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። የማሸጊያ ማሽኑ ከቆመ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ገዢዎቹ ጭነቱን በሙሉ «ሚዛኑ አይታመንም» ብለው መልሰውታል፤ ካርቶኖቹ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ እስከ ጣሪያ ተቆልለው፣ ከላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ያበሰብሳቸዋል። በውስጣቸው ያለው ተቅማጥ ለያዛቸው ሕፃናት በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጥ ዱቄት ነው፤ በየከረጢቱ ሃያ ግራም።

ሽማግሌውን በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማሽኑን የመጠን ብሎን ከእሳቸው በቀር የነካ ስለሌለ «አባ ብሎን» ተብለው ቀሩ፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ማዕረግ ነው የያዙት። በየአምስት ደቂቃው አንድ ከረጢት አንሥተው ይመዝናሉ። አንድ ግራም ከበለጠ ብሎኑን የዚያኑ ያህል ያጠብቃሉ፤ ከጎደለ ያላላሉ። እንዲህ ያለ ትጉህ ባለበት ቤት ጥፋት ሲገኝ ጥፋተኛው ሌላ ሰው መሆን አለበት። ስለዚህ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው፣ ሠራተኛው «ቀጭኗ» የሚላት የሁለት ልጆች እናት፣ ዱቄቱን በወቅቱ አትሞላም ብለው ደብዳቤ ጻፉባት። ሰኞ ጠዋት ትባረራለች።

የናሙና ዕቃ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ ሲያደርጉት የሚዛን ክፍሏ ወጣት ሚዛኗን ጉልበቷ ሥር አድርጋ፣ በወረቀት ተከብባ መሬት ላይ ተቀምጣለች። በስታትስቲክስ ተመርቃ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። ያገኘችውን ሁሉ «ናሙና ስጡኝ» ስለምትል «ወይዘሪት ናሙና» የሚል ስም ወጥቶላታል።

«ዕቃ ቤቱን ወረስሽው እንዴ?» አሉ።

«ደህና ዋሉ ጋሼ። ይግቡ፤ ግን ወረቀቶቹን እንዳይረግጡብኝ።»

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ነጥብ? ዝንብ ሲኳትንበት ያደረ ይመስላል።»

«እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ከረጢት ነው። ከየቀኑ ምርት አርባ ከረጢት ለመጠባበቂያ ይቀመጥ የለ? ከሁለት ዓመቱ ውስጥ ስልሳ ቀን በዕጣ አውጥቼ መዘንኩ።»

«በዕጣ! እንግዲህ ሥራም እንደ ሎተሪ ሆነ።»

«እጄ የደረሰበትን ካርቶን ባነሣ የማገኘው የቀረበኝን እንጂ እውነቱን አይደለም። ዕጣ አያዳላም።»

«ምን አደከመሽ ልጄ? ጥፋተኛዋ ማን እንደሆነች ታውቋል።»

«ማን አወቃት?»

«እኔ፤ በዓይኔ። ይሄ ፀጉር በዱቄት የነጣ መሰለሽ?»

«ዓይንዎ ስንት ግራም ይመዝናል?»

«ምላስሽ ሚዛንሽን ይቀድማል» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ወጣቷ ትዕግሥት አልፈጠረባትም፤ ይሁን እንጂ ሽማግሌው በሩን ዘግተው ከወጡ ሰኞ ለቀጭኗ የሚደርስላት እንደሌለ ገባት።

«ይቅርታ ጋሼ፤ ጥያቄዬን ላስተካክል። ከቤትዎ እስከዚህ ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎታል?»

«አርባ።»

«ሁልጊዜ ልክ አርባ?»

«የት ተገኝቶ! አንዳንዴ ሠላሳ ስምንት፣ አንዳንዴ አርባ ሁለት። ጭቃ አለ፣ ሰላምታ አለ፣ ጉልበት አለ።»

«ዛሬ አርባ ሁለት ቢፈጅብዎ ነገ ሁለት ደቂቃ ቀድመው ይወጣሉ? በማግሥቱ ሠላሳ ስምንት ቢሆን ደግሞ ሁለት ደቂቃ ዘግይተው?»

«ለየላቸው ይሉኛላ!»

«ብሎኑን ግን በየአምስት ደቂቃው እንዲያ ነው የሚያደርጉት። ማሽኑ ዝም ቢባል ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ አንድ ግራም ከፍ ዝቅ ይላል፤ እንደ እርስዎ መንገድ። ገዢው ይህን ያህሉን ይቀበላል። እርስዎ ግን በአጋጣሚ ሃያ አንድ የሆነውን አንሥተው አንድ ግራም ይቀንሳሉ። ቀድሞ ሃያ ላይ የነበረው ማዕከል አሥራ ዘጠኝ ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው እስከ አሥራ ስምንት ሊወርድ ነው። ያን ሲያዩ ደግሞ ሁለት ግራም ይጨምራሉ። ማሽኑ ከሚዋልለው በላይ እያዋለሉት ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ማሽን እንደ ልጅ ነው፤ ካልቆነጠጡት ይባልጋል። እንግዲያው ድልድይ የተሰበረ ቀንስ? ያን ቀንም መንገዴ አርባ ደቂቃ ነው ብዬ ልንፏቀቅ?»

ወጣቷ ቀና አለች። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ቁም ነገሩ እሱ ነው! ለዚህ ሁለት መስመር ይሰመራል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ነጥቦቹ በመካከሉ ወዲያ ወዲህ እስካሉ ድረስ እጅ ይሰበሰባል። ከመስመር ከወጡ፣ ወይም ተከታትለው ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ፣ ድልድዩ ተሰብሯል ማለት ነው። ያኔ ማሽኑ ቆሞ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ጎማው አልቆ ይሆናል፣ ዱቄቱ ረጥቦ ይሆናል። ብሎን ማዞር ምክንያት መፈለግ አይደለም።»

«መስመሩንስ ማን ያሰምራል? አንቺ እንደ ልብሽ?»

«የማሽኑ የራሱ ነጥቦች ናቸው የሚያሰምሩት፤ ይሰላል።»

አባ ብሎን ጎንበስ ብለው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩ። በአብዛኛው ላይ ነጥቡ እንደተበተነ ጥሬ ተዘርቷል። ግድግዳው ሥር ያሉት አምስቱ ግን ይለያሉ። ሽማግሌው ፊታቸው በራ፤ አምስቱንም ሰብስበው አነሡ።

«እጅ ያበላሻል ካልሽ ይሄን ማን ሠራው? እዪ፣ እንደ ዶቃ የተሰካካ! የእኔ እጅ ይሄ ነው። ለሥራ አስኪያጁ ይሄን አሳዪው።»

«ከእነሱ በዕጣ የወጣው አንዱ ብቻ ነው» አለች። «ነገሩ እንግዳ ስለሆነብኝ የፊቱንና የኋላውን ቀናት ጨምሬ መዘንኩ። ከሌላው ሁሉ የሚደርስባቸው የለም። እርስዎን ልጠይቅዎት ነበር፤ በአምስቱም ቀን ማሽኑን ያንቀሳቀሰችው ቀጭኗ ናት፣ የተቆጣጣሪ ፊርማ ግን የለም። ብሎኑን ማን ይዞት ነበር?»

አባ ብሎን ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አስጠጉ። ቀኑን አነበቡ። ሁለተኛውን ወረቀት አንሥተው እንደገና አነበቡ።

«ማንም አልያዘውም» አሉ። «ባለቤቴን ቀብሬ ሐዘን የተቀመጥኩበት ሳምንት ነው። እስክመለስ ብሎኗን ማንም እንዳይነካ ብዬ ልኬባቸው ነበር።»

«አላወቅሁም ጋሼ» አለች ወጣቷ።

«ስመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ ምን እንደነበር ልንገርሽ? ያለ እኔ አበላሽተውት ይሆናል ብዬ ብሎኑን ማዞር።» ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ ሳለቅስ እሱ ደህና ይሠራ ነበር።»

የገዛ ትጋቱ ጥፋት ሆኖ የተገኘበትን ሰው ማጽናናት ይከብዳል፤ ሰነፍ ቢሆን «እንግዲህ ትጋ» ይባል ነበር። ወጣቷም ልታጽናናቸው አልሞከረችም። ወረቀቶቹን በቀናቸው ቅደም ተከተል ደርድራ ሰጠቻቸው።

ሰኞ ጠዋት አባ ብሎን ከሁሉ ቀድመው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ።

«ደብዳቤዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ምነው ጋሼ፣ ራሩላት?»

«ርኅራኄ አይደለም። ውሸት ጽፌባታለሁ፤ ሳላውቅ። ጥፋቱ ከእጄ ነው።» አምስቱን ወረቀቶች ዘረጉ፤ ድልድዩንም፣ መስመሮቹንም፣ የሐዘኑን ሳምንትም ከወጣቷ ባልተናነሰ አስረዱ።

ሥራ አስኪያጁ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እንዲህ ከሆነማ ከማሽኑ የማነሣው እርስዎን ነው» አለ።

«አውቄ ነው የመጣሁት።»

ቀጭኗ በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትጠብቅ ነበር። «በድዬሻለሁ ልጄ» አሏት።

«ዱቄቱን ሞልቻለሁ ስልዎት አንድ ቀን ቢሰሙኝ ኖሮ ይበቃኝ ነበር» አለችና ወደ ማሽኗ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ አጠገብ ሁለት መስመር የተሰመረበት ወረቀት ተሰቅሏል። ቀጭኗ በየግማሽ ሰዓቱ አምስት ከረጢት መዝና የአማካያቸውን ነጥብ በእርሳስ ታኖራለች። በስድስት ወር ውስጥ አንድም ካርቶን አልተመለሰም። ሁለት ጊዜ ነጥቦቹ ወደ ታች ማዘንበል ሲጀምሩ ማሽኑ ቆሞ፣ ያለቀ ጎማ አንድም ከረጢት ሳይበላሽ ተቀየረ። የሚጣለው ዱቄት በግማሽ ቀነሰ። ከሁሉም በላይ፣ አጋጣሚ ከፍ ዝቅ ባደረገው ነጥብ ምክንያት የሚባረር ሰው ቀረ። አባ ብሎን ምድር ቤት ወርደው የወጣቷ ረዳት ሆኑ፤ ዕጣውን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ «እጅህን መቼ እንደምትሰበስብ ሳታውቅ መቼ እንደምትዘረጋ ላስተምርህ አልችልም» ይሉታል።

አንድ ቀን እየመዘኑ ሳሉ ድንገት ቆም አሉ።

«ያ ጭነት ሲመለስ ክሊኒኮቹ ስንት ሳምንት ያለ ዱቄት ቆዩ?»

«ስድስት።»

«በዚያ ምክንያት የሞተ ሕፃን ነበር?»

እንድትዋሽላቸው የፈለጉ መሆኑ ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

«አልተቆጠረም ጋሼ። ያልተቆጠረውን አለ ወይም የለም ልልዎት አልችልም።»

አባ ብሎን የያዙትን ከረጢት አስቀመጡ። «እንግዲያው ማንን ይቅርታ እንደምጠይቅም ላላውቅ ነው» አሉ። «ለክሊኒኮቹ ጻፊላቸው። ከአሁን ወዲያ የታመመውን፣ የዳነውን፣ የሞተውን በየሳምንቱ ቆጥረው ይላኩልን። ከእኔ በኋላ የሚጠይቅ እንኳ መልስ ያግኝ።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ ለሃያ ሁለት ክሊኒኮች ተጻፈ። ዘጠኙ መለሱ። ቆጠራው በእነዚያ በዘጠኙ ተጀመረ።