በሩ ይቆይ

እንግዳ ሸኝቼ ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ስወጣ ከጎረቤቴ ከኣቦይ ገብረተንሳኤ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሾፌርነት የፈጁ፣ ዛሬ የመኪኖች ባለቤት የሆኑ ሰው ናቸው። ሁመራ ያለውን የሰሊጥ እርሻቸውን ሊያዩ ትንሽ አውሮፕላን ተከራይተዋል። «መምህር፣ አንድ ወንበር ባዶ ነው፤ ና!» አሉኝ። እኔም የነጻ ነገር አልጠላምና ከኋላ ገባሁ።

አብራሪዋ ሰርካዲስ የምትባል ወጣት ናት። ከጎኗ የተቀመጡትን የኣቦይን በር ልታይላቸው ብትጠጋ፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ በር መዝጋት አይጠፋኝም» ብለው ራሳቸው ጓ አደረጉት። አክብራቸው ተወችው። ያለ ቦታው የገባ አክብሮት ነበር።

ገና ከመሬት ተነሥተን ሽቅብ ስንወጣ በሩ ተከፈተ። ነፋሱ ጮኸ፤ የያዝኩት ጋዜጣ ከእጄ በረረ። እኔም ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ!

«በሩ! በሩን ዝጊው!»

«በሩ ይቆይ ኣቦይ። ነፋሱ ራሱ ይዞታል፤ ከዚህ በላይ አይከፈትም። ቀበቶዎን እንዳይፈቱ።»

«ዋይ ኣነ! ልንወድቅ ነው፣ ይቆይ ትያለሽ? እኔው እዘጋዋለሁ!»

ቀበቶአቸውን ፈትተው ወደ በሩ ሲንጠራሩ ክርናቸው ከፊታቸው ያለውን ሁለተኛ መሪ ገፋው። አውሮፕላኗ በበሩ በኩል አጋደለች፤ ሽማግሌው ወደ ክፍተቱ ተንሸራተቱ። ኮታቸውን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩ። ሰርካዲስ መሪውን በሁለት እጇ አቃናችው።

«ይቀመጡ ኣቦይ። በሩ ምንም አላደረገንም። ሊገድለን የነበረው እርሱን ለመዝጋት መሞከር ነው።»

ተቀምጠው ቀበቶአቸውን አሰሩ። ንዴታቸው ግን አልበረደም።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ተመልሼ አርፋለሁ። መሬት ላይ እዘጋዋለሁ።»

«ከመንገድ መመለስ ገድ የለውም! ብልሽት ደግሞ እዚያው እንደታየ ነው የሚጠገን።»

«እርስዎ መኪናዎን ዳር ይዘው ያቆማሉ፤ እኔ የማቆምበት ዳር የለኝም። ሞተሩ ደህና ነው፣ መሪው ይታዘዘኛል። መጀመሪያ ማብረር ነው፤ የበሩ ጩኸት ተራውን ይጠብቃል። እርስዎስ የአምባላጌን ቁልቁለት ሲወርዱ አጠገብዎ ዕቃ ቢንከባለል፣ መሪውን ትተው ያነሡታል?»

ኣቦይ ወደ ተከፈተው በር ተመለከቱ። ነፋሱ ድምፃቸውን እየነጠቀ፣ «ወንድሜ ኣፅብሃ እንዲያ አድርጎ ነው የሞተ» አሉ። «የተንከባለለ ጀሪካን ሊይዝ ጎንበስ ብሎ። መኪናው ምንም አልነበረበትም። ለእናታችን ግን ፍሬን በጥሶ ነው አልናት።»

ሰርካዲስ አውሮፕላኗን ወደ ማረፊያው አዞረች። እስክናርፍ ድረስ በሩ ይንገጫገጫል፤ ኣቦይ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው መሀል ቀርቅረዋል። እንደ ወትሮው በዝግታ አረፍን። ሞተሩን አጥፍታ ወረደች፤ በሩንም ዘግታ፣ ስባ አረጋገጠችው። ለዚህ ብልሽት ያስፈለገው ይኸው ብቻ ነበር። ጥቂት ትዕግሥት ሦስት ነፍስ አተረፈ።

ዳግመኛ ከመነሣታችን በፊት ኣቦይ ራሳቸው «ጓለይ፣ እስቲ በሩን እንደገና እይው» አሏት።

ከሁመራ ስንመለስ ሾፌሮቻቸውን ሓወልቲ ሰፈር ባለው ቢሯቸው ሰበሰቡ። «መስታወት ቢወርድ፣ ስልክ ቢጮህ፣ ዕቃ ቢወድቅ መሪያችሁን ያዙ። ዳር ይዛችሁ ስትቆሙ ታዩታላችሁ። ዕቃ ይተካል፤ ቤተሰባችሁም በሰላም ያገኛችኋል።»

አንዱ ሾፌር ሳቅ ብሎ፣ «ኣቦይ፣ ይህን ዛሬ ማን ነገረዎ?» አላቸው።

«አንዲት ልጅ» አሉ። «ለኣፅብሃ ግን የነገረው ሰው አልነበረም።»