መኪናዋን ማን ነዳት?

ከዚህ በታች የምጽፈው ታሪክ አንዲት ቃል አልተጨመረበትም፣ አንዲት ቃልም አልጎደለበትም። ሐሰት ከተገኘበት ሁለት እጆቼ ይድረቁ! እነዚህ እጆች ደግሞ ተራ እጆች አይደሉም። በእሽቅድድም ሜዳ ላይ አራት ጎማ በሦስት ሴኮንድ ስቀይርባቸው፣ አንዳንዴም ሥራው ቀሎኝ በመሃል ሳስነጥስ፣ መላው የእንግሊዝ ኖርዝሃምፕተንሻየር አውራጃ አይቶኛል። ስሜ ሬጅ ፖልግሬቭ ነው። አላውቀውም የሚል ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ በየካቲት ወር፣ አዲሷን የውድድር መኪናችንን ስንሞክር ዝናቡ አባረረንና ሁሉም ወደ ዶሪን ቁርስ ቤት ሮጠ። ዝናብ ስል የሌላ አገር ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ ጠብታ የሻይ ኩባያ ይሞላ ነበር። ቤቱ በጭነት መኪና ነጂዎች ተጨናንቋል። በዚህ ምክንያት ነው ጨርሶ የማይቀራረቡት ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙት። አንደኛው ክላይቭ ሃርግሬቭ ነው፤ የቡድናችን አንጋፋ ነጂ፣ የአርባ አንድ ዓመት ሰው። ሁለተኛዋ ፊሊፓ ኦክሊ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች፣ የመኪናዋን ኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈች የሃያ ስድስት ዓመት መሐንዲስ። እኔ ሦስተኛ ወንበር ስቤ ገባሁ።

ቀኑ ተራ ቀን አልነበረም። ነጂውን የሚያግዙት የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ከትልቁ ውድድር ይታገዱ ወይስ ይቀጥሉ በሚለው ላይ ቡድኖቹ በዚያው እኩለ ቀን ድምፅ ይሰጣሉ። ግማሹ ይታገዱ፣ ግማሹ ይቀጥሉ ብሎ፣ ነገሩ በእኛ ድምፅ ላይ ቆሟል። ባለቤታችን ሚስተር ስታንሊ ደግሞ ክላይቭን በሁላችን ፊት «መኪናው ውስጥ የምትቀመጠው አንተ ነህ፤ ደውለህ ያልከኝን እመርጣለሁ» ብለውታል። ክላይቭ ይቀጥሉ ባይ እንደሆነ ጎማዎቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ።

«ሚስተር ክላይቭ፣ ከመደወልዎ በፊት አንድ ነገር ላሳይዎት፣ ከፈቀዱልኝ» አለች ፊሊፓ።

«አሳዪ እንጂ። ብቻ ወረቀትሽ ቋሊማዬን እንዳያስጠላኝ።»

የቲማቲም ድልህ ጠርሙሱን ገፋ አድርጋ ወረቀቷን ዘረጋች። ሁለት መስመሮች አሉበት። የላይኛው የክላይቭ ቀኝ እግር ነዳጁን የረገጠውን ያህል ያሳያል፤ የታችኛው ኮምፒውተሩ ለሞተሩ ያሳለፈውን።

«የዛሬ ጠዋት ነው፤ ሦስተኛው መታጠፊያ፣ በዝናብ። የእርስዎ መስመር እንደዚህ ጠረጴዛ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው። ከመግቢያው እስከ መውጫው ጥርቅም አድርገው ረግጠዋል። የታችኛውን ይዩት፤ ሲወጣ ሲወርድ። ጎማው እንዳይንሸራተት ሲቀንስና ሲጨምር የነበረው የኔ ፕሮግራም ነው።»

«ጎበዝ ፕሮግራም ነዋ! እንኳን ደስ አለሽ።»

«የሁለተኛው ነጂያችንም መስመር ቁርጥ ይኸው ነው። ስማችሁን ብሸፍነው የቱ የማን እንደሆነ አልለይም።»

ክላይቭ ሹካውን አስቀመጠ። «ያ ቀኑን ሙሉ ፀጉሩን ሲያበጥር የሚውለው? ከኔ ጋር?»

«ከእርስዎ ጋር።»

አንባቢ ሆይ፣ ሃያ ዓመት በዝናብ የነዳ ሰው እንዲህ ሲባል ምን እንደሚሰማው ገምት። እሱ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጥ አልነበረም።

«እሺ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ መልሺልኝ። የስታንሊ የቤት መኪና እንኳ ፍሬኑ እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ መሣሪያ አለው። ስታንሊ ቢሮው ሲሄድ ያልተነፈገውን፣ በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ለሚበረው ለኔ ትነፍጊኛለሽ? ምን የሚሉት ትምህርት ነው?»

«ሚስተር ስታንሊ የሚፈልጉት ቢሮ መድረስ ነው። በማን ችሎታ ደረሱ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ይኑራቸው፤ የመንገድ መኪና ሁሉ ይኑረው። እኛን ግን ሕዝቡ ዝናብ እየደበደበው ቆሞ የሚያየን ሰው ምን ያህል እንደሚችል ለማየት ነው። የኔን ፕሮግራም ለማየት ትኬት የቆረጠ ሰው የለም።»

«የገዛ እንጀራሽን እየደፋሽ እንደሆነ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ሌላ ሥራ አላጣም።»

«እኔስ? እኔን ያ ፕሮግራም ነው በሕይወት ያቆየኝ!»

«እስካልተበላሸ ድረስ ነው፣ ጌታዬ። ጎማው ላይ ያለችው መለኪያ የሩዝ ፍሬ ብታክል ነው። ውሃ ከገባባት ሁሉም ነገር መታጠፊያው መሃል ላይ ይጠፋል። ያን ጊዜ የሚቀረው የእርስዎ እግር ብቻ ነው። እግርዎ ደግሞ...» ብላ አንገቷን ደፋች።

በሦስት አውራጃ የታወቀው ብልሃቴ የሚያስፈልግበት ሰዓት መድረሱን ያን ጊዜ አወቅሁ። የአንጥረኛ መስፍ በሚያክለው ቦት ጫማዬ የክላይቭን ቀኝ እግር ከጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት። ክላይቭ ሻዩን ያማስላል። ተንጠራርቼ ክብደቴን ሁሉ ጣልኩበት፤ የዚያን ጊዜ ክብደቴ የአንድ ወይፈን ነበር።

«ሬጅ፣ ስኳሩን አቀብለኝ» አለኝ።

«ሚስተር ክላይቭ» አለች ፊሊፓ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሬጅ እግርዎ ላይ ቆሟል።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የቀረ ቀልድ አልነበረም።

«በውድድር ላይ ከተጋጨሁበት አደጋ ጀምሮ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆነው። ከቁርጭምጭሚቴ በታች የኔ አይደለም። መሣሪያው ከታገደ በመጀመሪያው ዝናብ ይታወቅብኛል፤ ወንበሬንም ይነሡኛል። ከዚያች መኪና ከወረድኩ ምንድን ነኝ፣ ልጄ?»

«ዝናብ ማንበብ የሚያውቁ ሰው ነዎት። ጠዋት አስፋልቱ ሳይረጥብ ጎማ ይቀየር ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ኮምፒውተሬ አላወቀም። ያንን ለልጆቹ ማን ያስተምራቸው? አሁንማ መማር የሚፈልግ የለም፤ ሁሉም ረግጦ ይተኛል፣ ፕሮግራሙ ይነዳለታል። ስለ እግርዎ ያወቅሁት ከዚህ መስመር ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም። ግን አንድ ቀን መለኪያዋ ብትጠፋ የገደልኩዎት እኔ ነኝ ብዬ መኖር አልችልም።»

እዚህ ላይ እኔ ተነሥቼ የአንድ ሰዓት ንግግር አደረግሁ። ከጭነት መኪና ነጂዎቹ ዐይኑ ያልረጠበ አልነበረም፤ አንዱማ ቋሊማውን በእንባው አጨቀየው። ንግግሬን እንደጨረስኩ ክላይቭ ተነሣና ወደ ሚስተር ስታንሊ ደወለ። «ይታገድ» አለ።

ታገደ። ጥቅሙንም ሁላችን አየን። በቀጣዩ ዓመት ዝናብ በዘነበ ቁጥር ማን እንደሚነዳና ማን ሲነዳለት እንደኖረ ተለየ። ትልቅ ኮምፒውተር መግዛት ያቃታቸው ትንንሽ ቡድኖች ጎበዝ ልጅ ይዘው ከትልልቆቹ ጋር ተጋፉ። ክላይቭ ከመኪናው በጊዜ ወርዶ ለወጣቶቹ እርጥብ መንገድ ያስተምራል፤ በሁለት እግሩም ይሄዳል። መሣሪያ ሰውን ማገዙ መልካም ነው፤ የሰው ችሎታ በሚመዘንበት ቦታ ግን ሚዛኑ ላይ አብሮ መቀመጥ የለበትም። ምክሬ ይኸው ነው።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ባለፈው ማክሰኞ ለዶሪን አነበብኩላት። ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ቁርስ ቤቱን ግን ገና አልለቀቀችም። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍከው፣ ሬጅ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንተ ግን አልነበርክም። የቡድናችሁ ጭነት መኪና ውስጥ ተኝተህ ነበር፤ የላክሁልህ ሻይ ቀዝቅዞ ነው የተመለሰው።»

«ዶሪን፣ ምናልባት ረስተሽ...»

«ወረቀቱን ይዞ የመጣው ክላይቭ ነው። ጫማውንና ካልሲውን ራሱ አወለቀና እግሩን በሹካዬ ወጋው፤ ልጅቷ እንድታምነው። ‹ይታገድ እላለሁ፤ ሌሎችም እንደኔ ተደብቀው ይነዱ ይሆናል› አላት። አይሆንም ያለችው እሷ ናት። ‹እኔ እሸፍንልዎታለሁ፣ ማንም አያውቅም› እያለች ስታለቅስ ነው ያረፈደችው።»

ሥኒዬን አነሣችልኝ።

«ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ። ‹ሚስተር ስታንሊ፣ እኔን አያስቡ› ብሎ ዘጋው። ንግግር ያደረገ ሰው አልነበረም።»