ሲስተር የሺሃረግ ደባሱ እና የተሸፈነችው ሕፃን

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ ከሙጃም ከብልባላም ዳገት ቁልቁለቱን ወጥታችሁና ወርዳችሁ የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፤ እህቴን ሲስተር የሺሃረግ ደባሱን ከመሸኘታችን በፊት የሕይወታቸውን ታሪክ እንዳነብ ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው፤ ትእዛዛቸውም አንዱን ነገር እንዳልዘለው ነበርና፣ ልጃቸው እየሩስ ይቅር ትበለኝ እንጂ፣ ሳልዘል አነባለሁ።

ሲስተር የሺሃረግ ከአባታቸው ከአቶ ደባሱ ዘነቡና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና በ1949 ዓ.ም. በላስታ፣ በሙጃ አካባቢ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ማመን የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ገበያ ሲላኩ፣ ነጋዴው በጆንያው አፍ ላይ ያሳየውን ንጹሕ ገብስ አይተው አይረኩም፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ከሥር ዘግነው ያወጡ ስለ ነበር፣ ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩአቸው «መጣች ደግሞ ያቺ የደባሱ ልጅ!» ይሉ እንደ ነበር እናታችን እየሳቁ ያወሩልን ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሙጃ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በላሊበላ ተከታትለው፣ በደሴ በነርስነት ሙያ ከተመረቁ በኋላ በልዩ ልዩ የገጠር ክሊኒኮች አገልግለው፣ በ1985 ዓ.ም. በላሊበላ ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ተዛውረው እስከ ጡረታቸው ድረስ እናቶችንና ሕፃናትን ሲረዱ ኖረዋል። ከመምህር ምሥጋናው ጋር የተጋቡትም፣ ሰውየው እናታቸውንና በቅሏቸውን እንዴት እንደሚይዙ ብልባላ ድረስ ሰው ልከው ካስጠየቁ በኋላ ነው፤ መምህሩ ይህን የሰሙት ከሠርጉ በኋላ ሲሆን፣ ስለ በቅሏቸው ደግ የመሰከረላቸው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ይጠይቃሉ። ከዚህም ጋብቻ እየሩስንና ጥሩሰውን አፍርተዋል።

በ2009 ዓ.ም.፣ ጡረታቸው ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ከሩቅ የመጡ ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ነገር ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው ገቡ። ከሕፃን አልጋ በላይ የሚሰቀል ካሜራ ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ የሕፃኑን እንቅስቃሴ እያየ፣ ይህ የሕመም ማንቀጥቀጥ ነው፣ ይህ የእንቅልፍ መወራጨት ነው ብሎ እንዲለይ የተማረ ነው ተባለ። ማንቀጥቀጥ ካየ ይጮኻል፣ ካላየ አረንጓዴ ያበራል። ሲስተር የሺሃረግ ዙሪያውን ዞረው አዩትና፣ በማን ልጆች ተማረ፣ የልጆቻችንስ ምስል ተነሥቶ የት ይደርሳል ብለው ጠየቁ፤ መልሱ ረጅም ነበር፣ የሚጨበጥ ግን አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣቸው ሕፃኑ ልብሱ ወልቆ ይተኛ መባሉ ነው። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ፊቱ ተሸፍኖ፣ ከባዕድ ዓይን ተጠብቆ እንደሚቆይ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። አራሶቹ ሲሸማቀቁ ባዩ ጊዜ፣ እኔ በቁሜ እያለሁ ይሄ አይደረግም ብለው ተነሡ፤ ተመራማሪዎቹም ማሽኑ ያላየውን ሊያውቅ አይችልም ብለው ቢከራከሩ፣ እህቴን በክርክር የረታ ሰው በላስታ ገና አልተወለደምና፣ እሺ፣ እንደ ተጠቀለሉ ይተኙ አሉ። ያ ድል ነው እንግዲህ የኋላ ኋላ ያንገበገባቸው።

በዚያው ዓመት በጥር ወር እየሩስ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ጡት መያዝ ስታቅማማ፣ አያቷ በነጠላቸው ከአናቷ እስከ እግሯ ጠቅልለው ከካሜራው ሥር አስተኟት። አረንጓዴው በራ። ሌላ ቀን ቢሆን ያን መብራት ከቁም ነገር የማይቆጥሩት ሴት፣ ያን ዕለት ግን ደግ ነገር መስማት ፈልገው ነበርና፣ እጃቸውን ከጨርቁ ውስጥ ሳያስገቡ፣ ደህና ናት ብለው ለእናቷ መለሷት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የሕፃኗ ከንፈር ጠቆረ። ሲስተር የሺሃረግ አቅፈው ሮጡ፤ ወንዶቹ ተመራማሪዎች በቆሙበት፣ ክርስትና ያልተነሣችውን ልጅ ነጠላውን ገፈው ዕርቃኗን ሲያስተኟት፣ ግራ እግሯ ብቻዋን ስትንቀጠቀጥ ሁሉም አየ፤ ማሽኑም ጮኸ። የጤና መኮንኑ አብዱልከሪም ፈጥነው መርፌ ወጓት። ልጅቱ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች፤ ግራ እግሯን ግን ዛሬም ትጎትታለች።

ተመራማሪዎቹ በኋላ ቤታቸው ድረስ መጥተው፣ ማሽኑ የልጅ ልጄን አዳነልኝ ብለው በቪዲዮ እንዲመሰክሩላቸው ለመኗቸው። እህቴ፣ በዋዜማው ደህና ናት ያለው ማን ሆነና ብለው አሰናበቷቸው፤ ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ግን ለእየሩስ፣ ጨርቁን የጣልሁት እኔ ነኝ፣ እጄን ያልሰደድሁትም እኔው ነኝ ብለው አምርረው አለቀሱ። ብዙም ሳይቆዩ ከአልጋው ዙሪያ መጋረጃ ሰቀሉ፤ ባዕድ ሰው ከውጭ ይቀራል፣ ሕፃኑ በእናቱና በነርሷ ፊት ይገለጣል። ማሽኑ ዝም ሲልም እጃቸውን በሕፃኑ ላይ ሳያሳርፉ ከዚያ አይንቀሳቀሱም ነበር። ጡረታ ወጥተውም አራስ ሊጠይቁ በገቡበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚሉት «ግለጡት» ነበር። ማሽኑን እስከ መጨረሻው አላመኑትም፤ ራሳቸውንም እንደዚያው። ምስሉ የት እንደ ደረሰም ዛሬ ድረስ የነገረን የለም።

ባለፈው ክረምት የጀመራቸውን የጉበት ሕመም በላሊበላም በደሴም ሲታከሙ ቆይተው፣ እየተሻለዎት ነው ሲባሉ የምርመራውን ውጤት ተቀብለው ራሳቸው ሲያነቡ ከርመው፣ በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ሲስተር የሺሃረግ ባለቤታቸውን መምህር ምሥጋናውን፣ ልጆቻቸውን እየሩስንና ጥሩሰውን፣ እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ጋሻዬን፣ እንዲሁም ዛሬ ጧት ሲገነዙ እግሯን እየጎተተች መጥታ፣ የመግነዙን ጫፍ በትንሽ እጇ ይዛ «ግለጡት! ግለጡት!» እያለች ያስለቀሰችንን የልጅ ልጃቸውን የአብስራን ትተው አልፈዋል።

የተሸፈነው ሁሉ በፊቱ የተገለጠለት አምላክ የእህታችንን ልብ አይቶ፣ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማረፊያ ያግባልን፤ እኛንም ያጽናናን። አሜን።