ጥማዱ ሳይሸጥ

ዝናብ ሲጥል ከማላውቀው ሰው በረንዳ ሥር መጠለል ደስ ይለኛል፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ወሬ የሚያገኘው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። አምና ሰኔ መግቢያ ላይ በእንጅባራ ከብት ገበያ በረዶ ሲወርድ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ገባሁ። ሦስት ሰዎችና ሁለት በሬዎች ቀድመውኝ ተጠልለው ነበር።

ከሰዎቹ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ትዕግስት ዳንግላ ሳስተምር ተማሪዬ ነበረች፤ ዛሬ የምጣኔ ሀብት መምህርት ናት። አብሯት ያለው ይሄነው የዕፀዋት በሽታ ባለሙያ ነው። ለጥናት አብረው ወጥተው የጀመሩትን ክርክር በረዶውም አላስጣላቸውም። ሦስተኛው የበሬዎቹ ባለቤት ናቸው፤ ትዕግስት ስታስተዋውቀን ከጥርባ መንደር የመጡ ገበሬ፣ አያ ውዱ መሆናቸውን ሰማሁ።

«ጥማዱን ሊሸጡት ነው?» አልኋቸው ከሰላምታ በኋላ።

«አዎ መምህር። በዋጋ ተስማምተናል፤ ገዥው ዝናቡ ሲያባራ ይመጣል። ችግኝ ገዝቼ ማሳውን ሙሉ ዲከረንስ እተክላለሁ።»

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ዲከረንስ ለከሰል የሚተከል ግራር ነው። በአምስት ዓመት ይደርሳል፤ ሲሸጥም ዳጎስ ያለ ገንዘብ ያመጣል። አገሬው ገብሱንና ድንቹን ትቶ እስከ ጓሮው ድረስ ተከለው፤ ቆርቆሮ ቤት ሠራበት፣ ልጅ አስተማረበት። ኋላ በሽታ ገባበትና ዛፉ ቆሞ ደረቀ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ የኖረ ገበሬም እህል ሸማች ሆነ።

«አያ ውዱ፣ አይቆጡኝና፣ የደረቀብዎትን መልሰው ሊተክሉ?» አለች ትዕግስት።

«ምን ላድርግ ልጄ? ያነሣኝም እሱ፣ የጣለኝም እሱ። ቅድም ጀምሮ ስትጨቃጨቁ እሰማለሁ። እስቲ እናንተ የተማራችሁት ንገሩኝ፤ ምንድን ነው ያደኸየን?»

«በሽታው ነዋ!» አለ ይሄነው። «ችግኙ ሳይመረመር ከቦታ ቦታ ተጫነ፤ በሽታውም አብሮ ተጫነ። ጤነኛ ችግኝ ብንተክል ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።»

«በሽታማ ድሮም ነበር» አለች ትዕግስት። «ገብስን ዋግ ይመታው የለም? ግን ገብሱ ሲመታ ድንች ነበረ፣ በግ ነበረ። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ነገር ስለ ተንጠለጠለ ነው አንድ ላይ የወደቀው፤ ቆራጩ፣ አክሳዩ፣ ጫኙ፣ ባለ ሱቁ ሳይቀር። የኢኮኖሚ ቀውስ የሚባለው በትልልቆቹ አገሮችም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ዋጋ ሲወጣ ሁሉም ወደ አንዱ ይሮጣል፤ ሲወርድ ደግሞ መሸሻ ያጣል።»

«ዛፉን ያደረቀው ዋጋ አይደለም!»

«ሁሉም ባይተክለው ኖሮ በሽታው እንዲህ ከማሳ ማሳ ይሻገር ነበር?»

እኔ በልቤ ለትዕግስት አደላሁ፤ ተማሪዬ ናት፣ ምን ላድርግ። አያ ውዱ ግን ሳቁባቸው።

«ይኸው! ሁለት ባለሙያ፣ ሁለት ወሬ። እናንተ ሳትስማሙ እኔን ማን ይምከረኝ? እንደ ሰዉ ተክዬ እንደ ሰዉ ብሆን ይሻለኛል።»

ይህን ብለው ግን ወደ ይሄነው ዞሩ።

«ቁርጡን ንገረኝ። ብተክል በሽታው ይመለሳል፣ አይመለስም?»

«አላውቅም፣ አያ ውዱ። አይመለስም ብሎ የሚምልልዎት ካለ ችግኝ ነጋዴ ነው። እኔ ብሆን ሲሶውን ብቻ እተክላለሁ፤ ያንንም አራርቄ፣ ከሌላ ዛፍ ጋር አሰባጥሬ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ከሲሶ አላልፍም። በቀረው ገብስና ድንች። ዛፉ እስኪደርስ አምስት ዓመት ምን ሊበሉ ነው? ያለ በሬስ ማን ያርስልዎታል?»

«ለእኩል አራሽ እሰጣለኋ።»

«በገዛ መሬትዎ የበቀለውን ግማሹን ለሌላ ሰው?»

አያ ውዱ የአንዱን በሬ ጀርባ ዳበሱ። ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። «ካሳነሽ፣ ባለቤቴ፣ አምና አዘና ገበያ ገብስ ስትሸምት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። የሚያውቃት ሰው እንዳያያት። እኔ ነኝ ያሳፈርኋት።»

ከዚያ ቀና አሉ። «እንግዲህ በምክንያቱ አልተስማማችሁም። ስለ መድኃኒቱ ግን አንድ ቃል ነው የነገራችሁኝ። የተጣሉ ሐኪሞች አንድ መድኃኒት ካዘዙልኝ አልውጥም ማለቴ ቂልነት ነው።»

በረዶው አባርቶ ገዥው መጣ። አያ ውዱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ወንድሜ፣ ቃሌን አጥፌአለሁና ይቅር በለኝ። ጥማዱን አልሸጥም።» ሰውየው ተቆጣ፤ መቆጣቱም አይፈረድበትም። እኔም ገብቼ ለመንሁት። ሽበቴን አይቶ እያጉረመረመ ሄደ።

በጥቅምት ሦስታችንም ጥርባ ተጋበዝን። ይሄነው በቀጥታ በሲሶው ማሳ ወደ ተተከለው ችግኝ ሄዶ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ፤ ከችግኞቹ ጥቂቶቹ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኗል።

«አትዘን» አሉት አያ ውዱ። «አምና ቢሆን ይህን ሳይ እንቅልፍ አጣ ነበር። ዘንድሮ ግን ቢሞት ሲሶው ነው የሚሞተው።»

እውነታቸውን ነው። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፣ ድንቹ ተቆፍሯል፤ ካሳነሽ ፊቷን ገልጣ አዘና ገበያ ወርዳ ተራፊውን ሸጣለች። ማሳውን ሙሉ ዲከረንስ የተከለ ጎረቤታቸውም የድንች ዘር ሊለምን መጥቶ አገኘነው። ማንም ሰው ነገ የሚመጣውን አያውቅም፤ ኑሮውን በአንድ ነገር ላይ ብቻ ያልጣለ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ የሚይዘው አያጣም። ይህን እኔ ለሠላሳ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ካስተማርሁት ይልቅ የአያ ውዱ ማሳ አሳምሮ ያስተምራል።

ማዕድ ቀርቦ ገና ሳንቆርስ ትዕግስትና ይሄነው በቢጫው ቅጠል ምክንያት እንደገና ተያያዙ። ካሳነሽ ደንግጣ ወደ ባለቤቷ ዞረች።

«ምነው፣ ተጣሉ እንዴ?»

«ተያቸው» አሉ አያ ውዱ ወጡን ወደ እንግዶቹ እያስጠጉ። «እነሱ ሲከራከሩ ነው እኛ የጠገብነው።»