የጉሎን ዘመዶች ለይተው ያኖሩት እኅታችን

ኀዘናችንን ልትጋሩ የመጣችሁ ዘመዶችና ወዳጆች፣ የታላቅ እኅቴን የሕይወት ታሪክ የማነበው እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ።

እትዬ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን በበኩርነት ተወልደው፣ በዕፅዋት ጥናት ከተመረቁ በኋላ በደረቁ ዕፅዋት ቤተ መዘክር ተቀጥረው ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል። ድርሻቸው ጉሎ፣ ቁልቋል፣ ቅንጭብ፣ ብሳናና ካሳቫ የሚገኙበትን ሰፊ የዕፅዋት ቤተሰብ መመደብ ሲሆን፣ በመልክ ፈጽሞ የማይገናኙትን እነዚህን ዕፅዋት በአበባቸው አሠራርና ሦስት ክፍል ባለው ፍሬያቸው እያዛመዱ በየመሳቢያቸው አኑረዋል። ብዙዎቹ ሲቆረጡ ነጭ ፈሳሽ ስለሚያወጡና እትዬም ያገኙትን ቅርንጫፍ ሁሉ ሳይቀነጥሱ ስለማያልፉ፣ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ወተት» ይሏቸው ነበር።

ከአናጢው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ አራት ዓመት ሲሞላት ግን፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልለቀቃቸው ፍርሃት ቤታቸው ገባ፤ ሊመዘግቧቸው ያመጧቸውን ዝንጉርጉር የጉሎ ዘር ፍሬዎች ከጠረጴዛ ላይ አንሥታ በላች። ታቅፈዋት ሐኪም ቤት ሲደርሱ ተረኛዋ ሐኪም «ምን እንደሆነ ያውቁታል?» ብትላቸው፣ የቤተሰቡን፣ የወገኑንና የዝርያውን ስም ሳይሳሳቱ ጠሩ። «አኝካዋለች ወይስ ውጣዋለች?» ስትላቸው ግን «አላየሁም» አሉ። ቅርፊቱ ያልተሰበረ ፍሬ መርዙን ሳይለቅ ሊወጣ፣ የታኘከው ግን ሕፃን ሊገድል እንደሚችል ከማንም ይልቅ ያውቁ ስለነበር፣ ሦስት ቀን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ ከልጃቸው የሚወጣውን ሁሉ በጓንት እየፈተሹ ጠበቁ። አራት ፍሬ አገኙ፤ ሦስቱ ሙሉ፣ አንዱ የተሰነጠቀ። ልጅቱ በአምስተኛው ቀን «እማዬ፣ ራበኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ሥራቸውን ባይተዉም፣ ዘር የሚባል ነገር ወደ ቤት አላስገቡም፤ በየመዝገብ ካርዱም ላይ መርዛማውን በቀይ ቀለም መጻፍ ጀመሩ። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ልጃቸው ወዳለችበት ቤት እየደወሉ «ልጄ አጠገባችሁ ናት?» ማለታቸውን፣ ልጃቸው አግብታ ከወጣች በኋላም አላቆሙም፤ እኛም እንስቅባቸው ነበር። ዛሬ አፍራለሁ።

ከባለፈው ዓመት ጀምሮ ጉበታቸውን ታመው በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላ፣ በመጨረሻው ምሽት «ፈርቻለሁ፤ አትዋሹኝ» አሉን። እኛም ፈርተን ስለነበር፣ ደኅና ይሆናሉ እያልን ዋሸናቸው። ያልዋሸቻቸው ልጃቸው ብቻ ነበረች፤ «እኔም ፈርቻለሁ፣ እማዬ» ብላ ጎናቸው ተኛች። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ እጇን እንደያዙ አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከሚያስፈራ ነገር ሁሉ አርቆ በዕረፍት ያኑርልን፤ እኛንም ያበርታን።