በበዓለ ሃምሳ የሚጾሙት ሰው

ፋሲካ ባለፈ ሳምንት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ያልተለኮሰ ሲጋራ በጣታቸው ያገላብጣሉ።

«አያ፣ እዚህ ሊያጨሱ ነው?» አለች በወዲያ በኩል አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት።

«አይ ልጄ፣ ጾም ላይ ነኝ።»

«በበዓለ ሃምሳ? አገሩ ሁሉ ፈስኮ የለም እንዴ!»

«ሲጋራን በየዓመቱ ለሁዳዴ እተዋለሁ። የፋሲካ ለት ግን ከዶሮ ወጡ በፊት እለኩስ ነበር። ዘንድሮ ሐኪሙ ሳንባዬን አይቶ፣ ‹ካጨሱ አይተርፉም› አለኝ። እኔም ሳልፈስክ ቀረሁ።»

«ምነው ታዲያ አይጥሉትም?»

«ብጥለው ሌላ እገዛለሁ።»

«በእጅ ይዞ መጾም ደግሞ ምን የሚሉት ነው!»

«እያየኝ ይድረቅ!»

«ጾሙ እስከ መቼ ነው?»

«እስክቀበር። ያኔ እናንተ ፈስኩልኝ።»

ሲጋራ ሳንባን እንዴት እንደሚጎዳ ላስረዳቸው የከፈትሁትን አፌን ዘግቼ፣ ሲወርዱ መንገድ ለቀቅሁላቸው።