የጣሪያ ሠሪው ቅርፊትና የላቦራቶሪው ቀለም

ጣሪያ ሠሪው መላጣው ላይ ጥጥ ለጥፎ ከፀጉር አስተካካዩ ቤት ሲወጣ፣ ከሥራ ከምትመለሰው የእህቱ ልጅ ጋር ደጃፉ ላይ ተገጣጠመ። እሷ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ከሰው ገላ የተቆረጠ ናሙና የምትመረምር ናት።

«አጎቴ፣ ምን ነካዎት?»

«ምንም። ያቺ ሻካራ ቅርፊት ናት። ፀጉር አስተካካዩ በየጊዜው በምላጭ ያነሣልኛል፣ ተመልሳ ትበቅላለች። እንደ እኔው ግትር ናት።»

ጥጡን ገለጥ አድርጋ አየች። «ዕድሜ ልኩን ፀሐይ የበላው ራስ ነው። እንዲህ ያለው ቅርፊት አብዛኛው ሳይከፋ ይኖራል፤ አንዳንዱ ግን ወደ ካንሰር ይዞራል። ትንሽ ተቆርጦ ይታይ።»

«ቢላ ከነካው ይቆጣል። ወንድሜን እንዲህ ያለው ቅርፊት ወጥቶበት የጨረሰው የሐኪም ቢላ ነው።»

«እሳቸው ሐኪም ቤት የሄዱት አንገታቸው ካበጠ በኋላ ነው። ቢላው ዘገየ እንጂ በሽታውን አላመጣውም። ደግሞስ ምላጩ ቢላ አይደለም?»

ሰው የሚፈራውን ነገር ላለማየት መሣሪያውን ይከስሳል። ሽማግሌው ጥጡን መልሶ እየለጠፈ፣ «ቆርጣችሁስ ምን ታደርጉታላችሁ?» አለ።

«ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ሲያጠራጥረው እኔ ልዩ ቀለም አፈስበታለሁ። ለመባዛት የተቻኮሉት ሴሎች ቡናማ ሆነው ይወጣሉ። ከቆዳው ታችኛ ሽፋን ብቻ ከሆኑ ረጋ ያለ ነው፤ ወደ ላይ ከወጡ ያሰጋል።»

«ነገን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ጥንቆላ ጀመራችሁ እንዴ?»

«ነገንማ አናውቅም፤ ቀለሙም የሚያታልልበት ጊዜ አለ። ዛሬ ወዴት እንዳዘነበለ ግን ይጠቁመናል። እርስዎ ያዘነበለ ጣሪያ ሲያዩ እስኪወድቅ ይጠብቃሉ?»

«በሙያዬ መጣሽብኝ» ብሎ ሳቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ከውስጥ፣ «ውሰጂልኝ እቴ፣ እኔም በደማ ቁጥር እሳቀቃለሁ» አለ።

ምላጩ ያቆሰለው እንደ ዳነ ሽማግሌው ሆስፒታል ሄደ። በማደንዘዣ ትንሽ ተቆረጠለት፤ ቡናማው እስከ ላይኛው ሽፋን ወጥቶ ተገኘ፤ የቆዳውን ሥር ጥሶ ወደ ውስጥ ግን ገና አልዘለቀም። ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ተነሣ። በጊዜ የታየ በትንሽ ስፌት ያልቃል፤ ሥራም ቤተሰብም አይፈታም። ከእንግዲህ ባርኔጣ ማድረግና እየተመላለሱ መታየት ነው።

ስፌቱ በወጣለት ቀን ሽማግሌው ናሙናውን ልየው አለ። ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቅኖ ቆየ።

«ይኼ ሁሉ ቡናማ እኔ ላይ ነበር?»

«አዎ፣ አጎቴ።»

«ወንድሜንም እንዲህ ያየለት ሰው ቢኖር» አለና፣ ቀና ሳይል አማተበ።